ለኔ እግር የሚሆን ስኪን ከለር

ሰኞ

ደግሞ ጫማ መጣ። የዩኒፎርሙ ጣጣ አለፈ፣ የፀጉሩ ጣጣ አለፈ፣ አሁን ጫማ።

አለቃችን ሰናይት ጠዋት እኔንና አብራኝ የምትሠራውን ሀናን ሪሴፕሽኑ ፊት አቆመችን። (ፊት ለፊት "እትዬ ሰናይት፣ እርስዎ" ነው የምላት። ይሄ ግን የኔ ደብተር ነው።) "ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ስኪን ከለር ጫማ፣ ፊቱ የተዘጋ፣ ሂሉ አጭር። ከቆዳ ጋር ሲመሳሰል እግር ያስረዝማል" አለች። እሷማ ምን ቸገራት፣ ቀይ ናት፣ በየቀኑ መታጠቢያ ቤት ዘግታ ቅባቷን ትቀባለች፣ ስቶኪንግም አይለያትም። ሀናም ቀይ ናት። እኔ ጥቁር ነኝ፣ ጠይም እንኳን የሚሉኝ ሊያባብሉኝ ሲፈልጉ ነው።

ሀና በምሳ ሰዓት ከሆቴላችን ማዶ ካለው ሱቅ ገዝታ መጣች። እግሯ ላይ ጫማ ያለ አይመስልም። እኔም ሞከርኩት። ቁስል ላይ ፕላስተር የተለጠፈብኝ መሰልኩ።

የሙከራ ጊዜዬ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ሰናይት ከፈረመችልኝ ሪሴፕሽን እቀጥላለሁ፣ ካልፈረመች ላውንደሪ ነው። ስለ ሆቴል ተምሬ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በእንግሊዝኛም እንግዳ እየተቀበልኩ፣ በሱሉልታ ብርድ አንሶላ ሳጥብ ታየኝ። እናቴ ደግሞ ለዘመድ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ማክሰኞ

እረፍቴ ነበር። እረፍት ይሉታል!

አንዲት ጫማ ሻጭ ሰበታ እንዳለች በስልኬ አየሁ። ቪዲዮው ላይ ጫማው የኔ ቀለም ነበር፣ እምላለሁ። ከቡራዩ ተነስቼ፣ ታክሲ እየቀያየርኩ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቼ ሰበታ ደረስኩ። ጫማው ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። "የመብራቱ ነገር ነው" አለች ልጅቷ፣ ምንም ሳይመስላት።

ሌላም አወጣችልኝ። ክሬም፣ ቤጅ፣ ኑድ፣ እንዲሁም "የሻይ በወተት"። ስሙ ይለያይ እንጂ ሁሉም የአንድ ሰው ቆዳ ነው። ያንን ሰው እኔ ሰበታም ቡራዩም አይቼው አላውቅም። "ለጥቁር ሰውስ?" አልኳት። "ለጥቁር ሰው ጥቁር ጫማ አለ" አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ባዶ እጄን ላለመመለስ ቤጁን ገዛሁት። እልህ ነው እንጂ ጫማ አይደለም የገዛሁት።

ረቡዕ

ሀና በኔ ተራ ገብታልኝ እኔ ከሰዓት በኋላ እቤት ነኝ። አብራኝ የምትኖረው ታደለች ከፋብሪካ ስትመለስ ጫማውን ፊቴ አስቀምጬ አፍጥጬ አገኘችኝ። ታደለች ወላይታ ያደገች፣ ለሁሉም ነገር ወይ ጸሎት ወይ ዘዴ ያላት ልጅ ናት። ለዚህኛው ዘዴ ነበራት። "ቡናማ የጫማ ቀለም ቀቢው፣ ከዚያ ጥቁር ጣል አድርጊበት።"

ቀባን። አደረቅን። ደግመን ቀባን። እግሬን አስገባሁት። ጌታን! የኔ እግር ሆነ! ታደለች "ሃሌሉያ" አለች፣ እኔም አሜን አልኩ። የምሽቱ ሙዳችን ልዩ ነበር።

ሐሙስ

ይህን መጻፍ አልፈልግም።

ሱሉልታ ስደርስ ዝናብ ተቀበለኝ። ከታክሲው እስከ ሆቴሉ ሮጥኩ። ጥበቃው ኦቦ ቶሎሳ "አካም ቡልቴ፣ ጫልቱ?" ብለው ሰላም ሲሉኝ እንኳን በደንብ አልመለስኩላቸውም። ገባሁ፣ ቦታዬን ያዝኩ፣ ፈገግ አልኩ።

ሰናይት ወለሉን ታያለች። ነጩ ሴራሚክ ላይ ከበሩ ጀምሮ ቡናማ የጫማ ዱካ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሌባ እንኳን እንዲህ አይያዝም። ጫማው ቦታ ቦታው ላይ ቤጅ፣ ቦታ ቦታው ላይ ቡናማ ሆኖ የላም ቆዳ መስሏል። ሀና ሳቋን ለመደበቅ ስልክ ያነሳች መሰለች፣ ስልኩ ግን አልጮኸም ነበር።

"ቅዳሜ ትልቅ ኒካህ አለብን" አለች ሰናይት፣ ሳትጮህ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "በትክክለኛው ጫማ ካልመጣሽ ቦታሽ ላውንደሪ ነው።"

ወለሉን ራሴ ወለወልኩት።

አርብ

ከሥራ ስወጣ ቡራዩ ፎዚያ ጫማ ሱቅ ገባሁ። ከመጀመሪያው እዚያ አለመሄዴ ይገርመኛል፣ ሰፈሬ ስለሆነ ነዋ የናቅኩት። ሱቁ የአባቷ የሀጂ ነው፣ የምትሸጠው ግን እሷ ናት። ሁሉንም ነገርኳት። የዱካው ታሪክ ላይ ስደርስ "ወላሂ ልሞት ነው" ብላ ካርቶን ላይ ተደፋች። ለካ የነገው ኒካህ የታናሽ እህቷ ነው!

ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጫማ አወረደች። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሂሉ አጭር፣ ፊቱ የተዘጋ። "ማንም አይጠይቀኝም፣ ሁሉም ነጣ ያለውን ነው የሚለው" አለች። አደረግኩት። እግሬ የት አልቆ ጫማው የት እንደጀመረ አይታወቅም። ለካ እግሬ ረዥም ነው። እውነትም ያስረዝማል!

ፎቶ አንስቼ ለሰናይት በቴሌግራም ላክሁ። መለሰች፦ "ይሄ ቡናማ ነው። እኔ ያልኩሽ ስኪን ከለር።"

"የማን ስኪን?" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት። አጠፋሁት። "እሺ እትዬ" ብዬ ላክሁ። በራሴ አፈርኩ።

ጫማውን ግን ገዛሁት።

ቅዳሜ

ቡናማውን አድርጌ ሄድኩ። ላውንደሪ ከሆነም ላውንደሪ።

ሲዘንብ አድሮ ግቢው ኩሬ ሆኗል። ሰናይት አበባ የጫነውን መኪና ልታስቆም ሮጣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባችበት። ስትመለስ እግሬን አየች፣ አፏን ከፈተች። አለቀልኝ አልኩ።

በዚህ መሃል የፎዚያ አባት መጡ። አዳራሹ ሙሉ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። "እናንተም ልጆቼ አውልቃችሁ ግቡ፣ እንግዳ የምታስቀምጡት እናንተ አይደላችሁ?" አሉ። ሰናይት "እኛ ከውጭ ሆነን እናስተናግዳለን" አለች። ሀጂ ግን ቆመው ጠበቁ፣ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ እምቢ አይባልም። እኔ አወለቅኩ፣ ሀና አወለቀች። ሰናይት ጫማዋን አወለቀች። ስቶኪንጓ ግን በጭቃ ውሃ ርሷል፣ በሱ ምንጣፍ አይረገጥም። ዘወር ብላ እሱንም አወለቀችው።

ማየት አልነበረብኝም። አየሁ።

ፊቷ ቀይ ነው። እጇ ቀይ ነው። ከቁርጭምጭሚቷ በታች እግሯ ከኔ እግር አይለይም። በየቀኑ መታጠቢያ ቤት በር ዘግታ የምትቀባው ቅባት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሳቋን መያዝ የማትችለዋን ሀናን አየኋት፣ ደግነቱ አላየችም። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ አዘንኩ። ሳምንቱን ሙሉ የተሸከምኩትን ንዴት ፈልጌ አጣሁት። አስቡት፣ ይህቺ ሴት ስንት ዓመት ስቶኪንግ ሳታደርግ ከቤት አልወጣችም ይሆን?

ቀኑን ሙሉ በባዶ እግራችን ሠራን። ማንም የማንንም እግር ቀለም አልጠየቀም።

ማታ እንግዳው ሲወጣ በር ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን። የራሷን ትታ የኔን ጫማ አነሳች። አገላበጠችው። ከዚያ አንድ እግሯን አስገባችበት። ጠበባት፣ ተረከዟ ውጭ ቀረ። ቢሆንም ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው።

"የት ነው የገዛሽው?"

"ቡራዩ፣ ፎዚያ ጋ፣ እትዬ።"

"ሠላሳ ስምንት ይኖራታል?"

እሁድ

እስካሁን ስለ ፊርማው ምንም የለም። ጠዋት ፎዚያን ጠየቅኳት፣ ሠላሳ ስምንት አንድ ቀርቷል። ለሰናይት ጻፍኩላት። እስከ ከሰዓት ስልኬን ይዤ ቤቱን ዞርኩት፣ ታደለች "ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ" እስክትለኝ።

አሁን መልሷ ገባ፦ "ያዢልኝ። ነገ ጠዋት ሪሴፕሽን ስትገቢ ይዘሽው ነይ። ለሰው እንዳትነግሪ።"

ሪሴፕሽን ብላለች። ሦስቴ አነበብኩት፣ ሪሴፕሽን ነው የሚለው።

ለማንም አልነገርኩም። ለታደለች ብቻ።