መንደርደሪያው ይበቃል ወይ?

ሐምሌ 4
ዝናብ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ልብስ አጠብኩ፣ አልደረቀም። ልጄ ሶልያና ከአዲስ አበባ ደወለች። መውለጃዋ ደርሷል።
"እማዬ፣ በአውሮፕላን ነይ።"
"በአውቶቡስ እመጣለሁ።"
"መንገዱን ጎርፍ ቢዘጋውስ?"
ምን ልበላት? እናትሽ ትፈራለች? ያውም መብረሩን አይደለም... ሲያርፍ መንደርደሪያው የሚያልቅበት ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜዬ!

ሐምሌ 7
ለጎረቤቴ ለኛሩአች ነገርኳት። እዚሁ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ከቤቴ ትይዩ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ስቃ ስቃ ሱቋ አስገባችኝ። የጦር አውሮፕላን ጨዋታ አላት፤ መሪው ቁርጥ የእውነት።
"ቲቸር፣ ራስሽ አሳርፊው። ፍርሃቱ ይወጣል።"
መንደርደሪያው አለቀና ጫካ ገባሁ። ነደድኩ። ደገምኩ፣ ያው ጫካ።
"አየሽ? አላልኩሽም?" አልኳት።
ግን... ምን ያስቀኛል?

ሐምሌ 8
ጫካ።

ሐምሌ 10
ተናደድኩ። ርዝመቱን ሳላውቅ እንዴት አርፋለሁ? ጨዋታው አይናገርም። ልለካው ቆረጥኩ። ከጫፍ ተነስቼ መሬት ለመሬት፣ በሰዓት ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሜትር። በሴኮንድ አሥር ሜትር ማለት ነው... ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን ሒሳብ ያስተማርኩት ለዚህ ኖሯል! ኛሩአች በስልኳ ሰዓት ያዘች። መሃል ስደርስ የጠላት አውሮፕላን መጥቶ ተኩስ ከፈተብኝ።
"ቲቸር፣ ተነሺ! ሽሺ!"
"ቆይ፣ ልኬቱ ይበላሽብኛል!"
ክንፌ እየነደደ ጫፍ ደረስኩ። መቶ ሃያ ሴኮንድ... አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር! ተቃቅፈን ጮኽን። አንድ ባጃጅ ቆሞ ሾፌሩ "ሰላም ነው?" አለን።

ሐምሌ 12
አውሮፕላኔ ለመቆም ስንት ይፈልጋል? በማረፊያው ፍጥነት አንደርድሬ ፍሬን ያዝኩ፤ ከያዝኩበት እስከ ቆምኩበት ለካሁ። ስድስት መቶ። ግማሹ ይተርፋል! ታዲያ ጫካ ምን አስገባኝ?
ደግሜ በረርኩና ልብ ብዬ አየሁ። መሬት የምነካው መሃሉን ካለፍኩ በኋላ ነው። ስለምፈራ ከመሬቱ እሸሻለሁ፣ እሸሻለሁ... መንደርደሪያው አላጠረም። የዘገየሁት እኔው ነኝ።

ሐምሌ 13
አረፍኩ!!! ገና ከመጀመሪያው ነካሁ፣ ቆምኩ፣ ሜዳው ተረፈኝ። ኛሩአች ስትዘል ወንበር ሰበረች። እኔም ዘለልኩ። ተማሪዎቼ ባዩኝ...

ሐምሌ 15
ትኬት ቆረጥኩ። ከቢሮው በር ሁለቴ ተመለስኩ። ቆረጥኩ ግን!
"የእኛው የጋምቤላ መንደርደሪያስ ስንት ሜትር ነው?" አለች ኛሩአች። ስልኳ ላይ ፈለገች። ከለካነው እጥፍ ይበልጣል። በሳቅ ሞትን።

ሐምሌ 21
አዲስ አበባ። ደረስኩ!
አጠገቤ ለስብሰባ የሚሄድ፣ ሙሉ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ ነበር። ለማረፍ ስንወርድ ክንዴን ጨመደደው።
"እናቴ... ይቆም ይሆን?"
"አይዞህ ልጄ፣ ገና ብዙ ሜዳ አለው።"
ጎማው ነካ። "ጎበዝ! ከመጀመሪያው!" ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አስተናጋጇ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ እንደሆን አላፈርኩም።
ሰውዬው እስከ መውጫው ክንዴን አልለቀቀም። ሶልያና ሆዷን ይዛ ቆማለች... አቤት ስታምር! አቅፋኝ አለቀሰች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችው።
"እማዬ፣ ይሄ ማነው?"
"መንገደኛ ነው" አልኳት፣ ኮራ ብዬ። "አውሮፕላን ትንሽ ይፈራል።"