የማያንጠባጥብ ጆግ

ለእማዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ስለ ቀኝ እጅሽ ግን አልጠይቅም፤ ባለፈው ጠይቄ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘግተሽብኛል። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴም ሱሪው አልደርቅ ከማለቱ በስተቀር ደህና ነው፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ግትርነቷን ምን ብዬ ልንገርሽ! ቤቷ በእንግዳ ካልሞላ ምግብ የማይበላላት ሴት ነበረች። ቀኝ እጇ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ግን፣ በገዛ ቤቴ ሌላ ሰው ሲቀዳ ቁጭ ብዬ አላይም ብላ በሯን ዘጋች። አንዷ ልጇ ቀለል ያለ የፕላስቲክ ጆግ ብትገዛላት፣ ጡጦ አመጣሽልኝ ወይ ብላ መለሰችላት። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ትንሽ ሞኝ ናት።

እኔ ደግሞ ሥራዬን ታውቂዋለሽ። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚታይ ዕቃ አልሠራም። ውሃ ያልተቀዳበት፣ ያልታጠበ፣ እጅ ያልለመደው ሸክላ ለእኔ ገና ጭቃ ነው። ስለዚህ ቀኝ እጄን በሻሽ ከወገቤ ጋር አስሬ በግራዬ መቅዳት ጀመርኩ። ባለቤቴ ብርጭቆ ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አቤት የፈሰሰበት ውሃ! የመጀመሪያው ጆግ ሲሞላ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ግድግዳውን አሳስቼ፣ እጀታውን ወደ ሆዱ አስጠግቼ ሌላ ሠራሁ፤ የእሱ ደግሞ ክዳኑ ብርጭቆው ውስጥ ገባ። ክዳኑን የሚይዝ ጥርስ አወጣሁለት። አፉ ግን ቀድቼ ቀና ባደረግኩት ቁጥር ጠብ፣ ጠብ ይላል። ስንቱን ከምድጃ አውጥቼ ሰበርኩ መሰለሽ! ሰውዬው፣ አንቺ ሴትዮ የዋና ልብስ ግዢልኝ አለኝ።

በመጨረሻ ጭቃው ሳይደርቅ የአፉን ጫፍ በጣቴ ስቤ አሳሳሁት፤ ወደ ታችም ትንሽ ቆልመም አደረግኩት። ትናንት ከምድጃ ወጣ። ብርጭቆው ሥር ጋዜጣ አነጠፍን። ሞላሁ፣ ቀዳሁ፣ ቀና አደረግኩ። እማዬ፣ ጋዜጣው ላይ አንዲት ጠብታ የለም! ደግሜ ቀዳሁ፤ የለም! ከእኔ በላይ ላሳር ብዬ ስጮህ ጎረቤቴ ሌባ የገባ መስሏት ዱላ ይዛ መጣች። እሷም በግራዋ ቀዳች፤ ጋዜጣው ደረቅ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ደንበኛዬ ግን ልትወስደው አትመጣም፤ አዝዣለሁ ብላም አታምንም። ስለዚህ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ።

እሁድ እመጣለሁ። በርሽ ተከፍቶ ማየት ናፍቆኛል። የድሮ እንግዶችሽንም ሳላስፈቅድሽ በስልክ ጠርቻቸዋለሁ፤ ተቆጪኝ። ማናችንም ከወንበራችን አንነሳም። ውሃ የጠማው አንቺን ይጠይቅሻል።

ጤናና ረጅም ዕድሜ ከነቁጣሽ ይስጥልኝ።

ትንሿ ልጅሽ