በግራሶ እጅ የሚከፈት ገጽ

ግንቦት 19፣ ጠዋት 1፡00
ሦስተኛ ቀን። የድረ ገጼ ኮድ ዛሬም አመፀ። ርዕሱን ብቻ ላተልቅ ብዬ ገጹ በሙሉ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ተለቀ። ምክንያት፦ የከፈትኩትን ምልክት አልዘጋሁም። ደብተሬ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፈታሁትን ብሎን ሳላስር ከትራክተር ሥር ወጥቼ አላውቅም። እዚህ በአንድ ጠዋት አራት ረሳሁ። ፈልጌ አገኘኋቸው። አራቱንም ዘጋሁ። ገጹ ወደ ልኩ ተመለሰ። የሚያጨበጭብልኝ ስለሌለ ራሴ አጨበጨብኩ።

ግንቦት 21
ለምን እንደምደክም ልንገርህ፤ አለዚያ አንተም ሥራ ፈቶ ነው ትለኛለህ።
አምና በሰሊጥ ዘር ሰዓት የፈንታሁን ትራክተር ከኮኪት ወዲያ እርሻ መሀል ቆመ። ፈንታሁን ሾፌር ነው፣ መካኒክ አይደለም። እዚያ ኔትወርክ የለም። ሰው ልኮ፣ እኔ መተማ ተፈልጌ፣ መኪና ተገኝቶ እስክደርስ ሦስት ቀን። ብልሽቱ ናፍጣ ውስጥ የገባ ውኃና አየር። የግማሽ ሰዓት ሥራ። እስከዚያ ዝናቡ መሬቱን አጨቀየው፤ ያ ማሳ ሰሊጥ ሳይሆን አረም አበቀለ። ፈንታሁን ዓመቱን አንገቱን ደፍቶ ከረመ።
ያኔም ድረ ገጽ ነበረኝ። ከጎንደር የመጣ ልጅ የሠራልኝ። ራዕያችን፣ ተልዕኳችን፣ እሴቶቻችን ይላል። እኛ ማለት እኔና መዶሻዬ ነን። ፎቶው ላይ የማላውቀው ፈረንጅ የማላውቀው ትራክተር ላይ ሆኖ ይስቃል።
ዘንድሮ ዝናቡ ሳይጠና በገዛ እጄ አፍርሼ እሠራዋለሁ። ትራክተር ሲቆም ሾፌሩ ራሱ እያነበበ የሚያስነሣበት ገጽ።

ግንቦት 24፣ ከሰዓት 10፡00
ሰብለ መጣች። የእህቴ ልጅ፣ የ2ኛ ደረጃ ት/ቤት የኮምፒውተር መ/ርት። ይህም ላፕቶፕ የእሷ አሮጌ ነው። በኩራት አሳየኋት፦ ጥቁር መደብ፣ ቀይ ፊደል፣ ዳር ዳሩን ቢጫ። ከላይ እስከ ታች አየችና፣ ጋሼ፣ ይሄ ድረ ገጽ ነው ወይስ ለሠርግ የተሸለመ ባጃጅ? አለችኝ። ላግዝዎት ስትል እንቢ አልኩ። የሚያግዘኝማ አምናም ነበረኝ።
ተወራረድን። ሰኔ ሳያልቅ ከጨረስኩ አንድ ቅዳሜ ቱታ ለብሳ ትራክተር ግራሶ ትቀባለች። ካልጨረስኩ ዩኒፎርም ለብሼ 9ኛ ክፍል ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከ4ኛ ክፍል ለወጣ ሰው ይሄ ዕድገት ነው ብዬ ነገርኳት። አልሳቀችም፤ የሹራብ ቁጥሬን ጠየቀችኝ።

ግንቦት 28
ጽሑፉ ለምን እንደሚያፍን ዛሬ ገባኝ። የምማርበት ቪዲዮ ስለ ክፍተት አንድ ሰዓት ያወራል። ለእኛ አገር ሰው አንድ ቃል ይበቃ ነበር፦ ሂላ። የታጨደ ሰሊጥ እንደ ነዶ ታስሮ ሲቆም አንዱ ሂላ ከሌላው አይጣበቅም፤ መሀሉ ነፋስ ካላለፈ ይሻግታል። አንቀጾቹን እንደ ሂላ አራራቅኳቸው። ገጹ ተነፈሰ። እኔም።

ሰኔ 3
ኮኪት ደርሼ ተመለስኩ። ፊቴ ከፀሐይም ከእፍረትም ቀልቷል።
እኩለ ቀን ላይ ፈንታሁንን ከተማው ዳር፣ ኔትወርክ ሽው በሚልበት፣ ትራክተሩ አጠገብ አቁሜ የሙከራውን ገጽ በራሱ ስልክ አስከፈትኩት። ስልኩ የተሰነጠቀ፣ እጁ ግራሶ። አየ፣ አዘነበለ፣ በእጁ ጋረደ። ጥቁሩ ላይ የሚታየኝ የራሴ ፊት ነው አለ። ጢሜን መላጨት እንዳለብኝ ግን ገጹ ነግሮኛል፣ ይመስገን ብሎ ቀለደ። ፊልትሮ የሚለውን ሲነካ ፍሬን ተከፈተ። ፎቶው እስኪመጣ ውኃ ጠጥቶ ተመለሰ። አልመጣም።
ወርክሾፕ ጥላ ውስጥ፣ በታጠበ እጅ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ነው የሠራሁት። እንደዚያ ያለ ሾፌር በቆላው ሁሉ አንድም የለም። ስመለስ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

ሰኔ 10
አፈረስኩ። ነጭ መደብ፣ ጥቁር ፊደል፣ ከሜትር ርቀት የሚነበብ። ቀዩ ሄደ፤ ትንሽ አዘንኩ። የሚነኩት ቦታዎች የሦስት ጣት ስፋት አላቸው። ፎቶ የለም፤ በመስመር የሣልኳቸው ሥዕሎች አሉ፣ ቶሎ ይመጣሉ። አንዴ ኔትወርክ ባለበት ከተከፈተ ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ይህን መላ ለማግኘት አራት ቀን ፈጀሁ፤ ማንም አልነገረኝም።
አውራ ጣቴን ግራሶ ነክሬ ሃያ ጊዜ ሞከርኩ። ሃያውንም ልክ። ግራሶው ላፕቶፑም ላይ አለ። ሰብለ እንዳትሰማ።

ሰኔ 17
ወጣ። ማንም ሰው፣ የትም ሆኖ፣ ሊያየው ይችላል። ሰብለ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከፍታው ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ነውር አላገኘችበትም። ከእሷ አፍ ይህ ሜዳሊያ ነው።

ሰኔ 19፣ ቅዳሜ
ቱታው ሰፍቷት እጅጌውን ሦስት ጊዜ ጠቀለለችው። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ ተቆጣጠርኩ። ያ ጎን ደርቋል አልኳት፣ ሁለት ጊዜ፤ አልደረቀም ነበር። ሥራው ያምርባታል። አልነገርኳትም።

ሰኔ 25
ሲዘንብ ሰነበተ። ፈንታሁን ናፍጣ ሊቀዳ ከተማ ገባ፤ ትራክተሩ ከሦስት ቀን በፊት ቆሞበት ነበር። ገጹን ከፍቼ አስነሣሁት አለ። ወንበር ሳብኩለት፣ ኮሌታዬን አስተካከልኩ፣ ምስጋናዬን ልቀበል ተዘጋጀሁ።
አላለቀም። ትራክተሩ ሁለት ዙር አርሶ እንደገና ቆመ። ፊልትሮውን ቢፈታው ውስጡ ጭቃ። ጋሼ፣ ከመፍታት በፊት ዙሪያውን ጥረግ የሚለውን የት ጻፉት? አለኝ።
የትም። እጄ ሳያስበው የሚያደርገውን አፌ ረስቶታል። ወርክሾፕ የሚገባ ትራክተር ታጥቦ ነው የሚገባው። እርሻ ላይ ያለው ግን እስከ አንገቱ ጭቃ ነው።
በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ ፊልትሮውን በናፍጣ አጥቦ፣ አየሩን እንደገና አስወጥቶ አስነሣው። ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ማሳው ተዘርቷል፣ ተማም ነው፣ ሁሉም ደህና ነው አለ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። የአምናው ፈንታሁን ቀና ብሎ አያወራም ነበር።
እንጀራዬን ልትቀማኝ መጣህ? አልኩት። የለም፣ ሥራ ነው ያመጣሁልዎት፣ ገጹን ያርሙ አለኝ።
መጀመሪያ ከነከነኝ። አልዋሽህም። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ወርክሾፑ ውስጥ እየተንጎራደድኩ አፌ አልገጠም አለኝ። ያስተማርኩት ሰው አረመኝ። ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?

ሰኔ 26፣ ጠዋት 12፡30
ታርሟል። አሁን የመጀመሪያው መስመር፦ ፊልትሮውንና ዙሪያውን በጨርቅ ጥረግ። ከሥሩ፦ ይህን የጨመረው ፈንታሁን፣ ሾፌር፣ ኮኪት። ስሙን ከእኔ ስም እኩል አድርጌ ጻፍኩት፣ በአንድ ዓይነት ፊደል። ሰብለ ገጹ ላይ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም አለች።
የፍሬኑ ገጽም እንደ አዲስ ተጽፎ አልቋል፤ ግን አላወጣውም። ወደ ኮኪት ይዤው እሄዳለሁ። ፈንታሁን ትራክተሩ ላይ፣ እኔ ጭቃው ላይ። እሱ ይፈታል፣ ያልጻፍኩትን ይነግረኛል። ከአሁን ወዲያ ሾፌር እጁን አቆሽሾ ያልሞከረው ገጽ ከዚህ ቤት አይወጣም።