በግራ እጅ የተቋጠረ ሽቦ

ለወንድሜ ለኦጆት፣

ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ደህና ነህ ወይ? ባለቤትህ ታደለችስ? ልጃችሁስ አደገ? የሐዋሳ አየር ተስማማችሁ? እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እማዬም ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ኒውላንድ ያለው ቤታችን እንደተውከው ነው። በአማርኛ መጻፌ ታደለችም ያለ አስተርጓሚ እንድታነበው ብዬ ነው፤ ስለ አባታችን የነገርካትን ሰምቻለሁና።

አልረሳኸውም መቼም። አባዬ የፓርኩ ጥበቃ ስካውት ሳለ ከጫካ የለቀመውን የሽቦ ወጥመድ ጠዋት ለቢሮ ሊያስረክብ ቤት ያሳደረ ዕለት፣ ጎረቤታችን ኦፒየው፣ የዱር ቆርኬ እያጠመደ ሥጋ የሚሸጠው እሱ ነው ብሎ ጠቆመበት። ወጥመዱ ቤታችን ተገኘ። አባዬ ተባረረ፤ በዓመቱም በቁጭት ሞተ። ቋጠሮውን እዩ፣ በግራ እጅ የተጠመዘዘ ነው እያለ ሲምል የሰማው አልነበረም። እሱ በቀኙ ነበር የሚሠራው፤ ግራኙ ኦፒየው ነው። አንተም የኦፒየውን ክስ አመንክ። ለቀብሩ እንኳ አልመጣህም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ከዚያ ሽቦ አንዱን ደብቄ ዘጠኝ ዓመት አስቀመጥኩት።

አሁን ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን የዱር እንስሳት ክበብም ይዣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሜዳ አወጣቸዋለሁ። አባዬ እንዳስተማረን ኮቴ ይለያሉ፣ ፋንድያ አይተው እንስሳው መቼ እንዳለፈ ይናገራሉ። ከሁሉም ጎበዟ የኦፒየው ልጅ አንጀሊና ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ሆን ብዬ በፑኝዶ መንገድ ኦፒየው ወደሚያጠምድበት ውኃ ዳር ወሰድኳቸው። አንድ የቆርኬ ግልገል አንገቱን ታንቆ ሞቶ አገኘን። ልጆቹ አለቀሱ። እንባቸውን ሲጠርጉ ቋጠሮውን በደብተራችሁ ሳሉት አልኳቸው። አንጀሊና ቀና ብላ፣ ቲቸር፣ የእኛ ፍየልም እኮ እንዲህ ነው የምትታሰረው፣ አባቴ ነው የሚያስራት አለች። ሠላሳ ልጅ ሰማ፤ እስከ ማታ ሠላሳ ቤት ደረሰ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦፒየው አንገቱን ደፍቶ መጣ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ እያለ ለመነኝ። ቅዳሜ ልጆቹ ፊት ቆመው ይናገሩ አልኩት። መጣ። ያንን አሮጌ ሽቦ አስያዝኩት። በአጁሉ አባት ቤት የተገኘው ወጥመድ የእኔ ነበር አለ። አልተሰማም፣ ይድገሙት አልኩት። እንደ ሰነፍ ተማሪ ሦስቴ አስደገምኩት። ቃሉን አሁን ፖሊስም ጽፎታል።

አንጀሊና ከመካከላችን ተነስታ ሮጠች። ከዚህ በኋላ አትመጣም ብዬ ነበር፤ ልጠይቃትም አልሄድኩም። በሳምንቱ ግን ከሁሉም ቀድማ መጣች። ቤታቸው ያለውን ሽቦ በሙሉ በማዳበሪያ ተሸክማ እግሬ ሥር አራገፈችው። እዚያ የወሰድሽን አውቀሽ ነው? ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። አፈርኩ፤ አልዋሽህም። ግን ወንድሜ፣ በእኔ ካፈርኩት ይልቅ በአንተ አፈርኩ። ያቺ ልጅ በሳምንቷ ደፍራ ፊቴ ቆመች፤ አንተ በዘጠኝ ዓመት አልደፈርክም።

ያንን አሮጌ ሽቦ ልኬልሃለሁ። አውሮፕላን ማረፊያ አናሳፍርም ስላሉኝ በአውቶቡስ ነው የሚደርስህ። ምግብ የምትበሉበት ክፍል ስቀለው። ልጅህ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅህ፣ የአያቱ እጅ ያልቋጠረው መሆኑን በአንደበትህ ንገረው።

ታደለችን ሳሚልኝ። እናቷን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ልጁን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ስምህን ስትጠራ ታለቅሳለች። የአባዬን መቃብር አታውቀውምና ስትመጣ መጀመሪያ ቤት ግባ፤ እኔ እወስድሃለሁ።

እህትህ አጁሉ
ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.