ሻርፕሽን የሚያውቁ ዶሮዎች

ለባለቤቴ ለከድጃ፣

የኔ ዓለም፣ አላህ በራሕመቱ ያኑርሽ። ከተለየሽኝ ወዲህ እዚህ ሳዑዲ፣ ባይሽ ከተማ፣ ማንጎው ሁለት ጊዜ አፍርቶ ሁለት ጊዜ ተለቀመ። እኔ ግን አሠሪያችን ካፊሉ በእርሻው ዳር የሰጠንን ክፍል አልለቀቅሁም። ጩኸቱ ያማርርሽ የነበረው ሙከይፍ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ አሁንም እንደተንጫጫ ነው። አላሠራሁትም፤ ዝም ሲል ክፍሉ ይሰፋብኛል።

ስለ ዶሮዎችሽ ልንገርሽ። መቼም ቀድመሽ የምትጠይቂኝ እነሱን ነው።

የካፊሉ እናት ሐጃዋ፣ ቤቷ ስትሠሪ ቆይተሽ፣ የዒድ ዕለት ጥቂት የአገሬውን ዶሮዎች በካርቶን አድርጋ ስትሰጥሽ፣ እኔ አርደን እንብላቸው አልኩ። አንቺ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፈሽ፣ "አንተ ደግሞ ሆድህን ብቻ ነው የምታስበው! እነዚህ ገና ይፈለፍላሉ" አልሽኝ። ካፊሉ ከከተማ መኖና መድኃኒት ላምጣልሽ ሲልም፣ "ላ፣ ባባ፣ ዶሮ እግር የተሰጣት ጭራ እንድትበላ ነው" ብለሽ ዐረብኛውን ከዐማርኛው ቀላቀልሽበት። ምን እንዳልሽ ሳይገባው ስቆ ሄደ።

ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ቤት ሠራሽላቸው፤ ጣሪያው የዘንባባ ዝንጣፊ፣ ጉዝጓዙ ቅማል የሚያባርር የኒም ቅጠል። አመድ ከአሸዋ ቀላቅለሽ የሚንከባለሉበት ጉድጓድ አበጀሽ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ ውሃቸው ውስጥ ትጨምሪ ነበር። ማሽላው ሲታጨድ ቃርሚያውን እንዲለቅሙ ማሳው ላይ ትለቂያቸዋለሽ፤ ሌላ ጊዜ ከማንጎው ሥር ትል ሲጭሩ ይውላሉ። አንዷ ዕንቁላል ታቅፋ ከተኛች ግን እኔን እንኳ አታስጠጊኝም። "እናት ናት፣ ተዋት" ትይኛለሽ። ይህን ስትይ ለምን ፊትሽን እንደምታዞሪ አውቅ ነበር። ወሎ ለእናትሽ ትተናት የመጣናት ልጃችን ፋጡማ ትመጣብሽ ነበር።

ያ ትኩሳት ሲይዝሽ ተራ ሑማ፣ የሚያልፍ ትኩሳት፣ መስሎን ነበር። ሆስፒታል ስትገቢ እንኳ ተደግፈሽኝ በእግርሽ ነው የሄድሽው። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በመስኮቱ ፀሐዩን አይተሽ፣ "ሰዒድ፣ ጥላው ዞሯል፤ ሄደህ ውሃቸውን አዛውርላቸው" አልሽኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። አዛውሬ ስመለስ ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

የወሎ ልጆች ከየእርሻው፣ ሩቅ ካለችው ከዒዳቢ ከተማ ድረስ ሳይቀር፣ መጥተው ቀበርንሽ። ማታ ወደ ቤት ስመለስ ዶሮዎችሽ ዛፉ ላይ ነበሩ። ጠራኋቸው፤ አልወረዱም። በማግስቱም እንዲሁ። እህል ይዤ ስጠጋ ይበተናሉ። እንዳንቺ ድምፄን አቅጥኜ "ኩት ኩት ኩት" አልኩ፤ ጭራሽ ሸሹኝ። ቤታቸውን ትተው ዕንቁላላቸውን ማሽላው ውስጥ መጣል ጀመሩ፤ ቀበሮ አገኛቸው። በየጠዋቱ ላባ እለቅማለሁ። አንቺን ማትረፍ አቃተኝ፤ ያንቺ የሆነውም በዓይኔ ሥር እያለቀ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ቢጫው ሻርፕሽ በር ላይ እንደተሰቀለ አየሁት። ምን እንዳሰብኩ እንጃ፤ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ እህሉን ይዤ ወጣሁ። ከድጃ፣ ወላሂ፣ እየሮጡ መጡ! ከየማሽላው ወጥተው፣ ከዛፉ ዘለው፣ እግሬ ሥር ተርመሰመሱ። ገብስማዋ ዶሮማ ካንቺ እንደለመደችው ጭኔ ላይ ልትወጣ ሞከረች። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ስትቀበሪ ያላነባሁትን ዕንባ ያን ጊዜ አነባሁት። እነሱ አንቺ የመጣሽ መስሏቸው ይለቅማሉ፤ እኔ አለመምጣትሽን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ቀና ስል ሐጃዋ ቆማ ታየኛለች። ጢማም ሰው የሴት ሻርፕ ተከናንቦ በዶሮ መሐል ሲያለቅስ ማየት ያስቃል። እሷ ግን አልሳቀችም። "ኢስቢር፣ ያ ሰዒድ" አለችኝ፤ ታገስ ማለቷ ነው። ከዚያም የራሷን ዕንባ በዓባያዋ ጫፍ ጠረገች።

ከዚያ ወዲህ ሻርፕሽን ለብሼ ጠበቅኋቸው። የሠራሽውን ሁሉ እንዳየሁሽ ሠራሁ። ገብስማዋም ታቀፈች፤ አልተጠጋኋትም። ጫጩቶቿ አድገው ዛሬ ግቢውን ሞልተውታል።

አሁን ግን የምነግርሽ ከባድ ነገር አለ። አገሬ ልገባ ነው። እናትሽ ደክመዋል፤ ፋጡማም ከዚህ በላይ ያለ ወላጅ ልትኖር አይገባም። ዶሮዎቹን ሐጃዋ ተረክባኛለች፤ ጥሪሽንም አስተምሬያታለሁ። ያለ ሻርፑ ግን ለእሷም እሺ አላሉም። ሻርፑን ለፋጡማ አመጣልሻለሁ ብያት ስለነበር ስልክ ደውዬ ጠየቅኋት።  "አባዬ፣ ለእነሱ ተውላቸው። እኔ እማዬ በስልክ የላከችልኝ ድምፅ አለኝ፤ እነሱ ምንም የላቸውም" አለችኝ። ልጅሽ አንቺን ወጥታለች።

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጥቼ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ነበር። እዚህ መቃብር ላይ ስም አይጻፍም፤ ያለሽበትን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከበሩ ገብቼ እያንዳንዱን መታጠፊያ በዓይኔ ያዝኩት። ለፋጡማም መንገዱን አስጠናታለሁ። ሰዎች ሚስትህስ ብለው ሲጠይቁኝ ሞተች ብዬ አላልፍም። ባይሽ ናት እላቸዋለሁ፤ ስምሽን ጠርቼ፣ ማን እንደነበርሽ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ።

ባልሽ ሰዒድ