የፊት ፍሬኑ ነገር

ወንድሜ፣

ወደ ብስክሌት ውድድሩ ሦስተኛ ዙር ቀድሜህ ወጥቻለሁ። ተራራው ላይ በረዶ ጥሏል አሉ። ጓንትህ ደርቋል፣ በሩ ጋ ሰቅዬልሃለሁ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ያለ ጓንት አይነዳም።

ባለፉት ሁለት ዙሮች ማታ ራሴ ያጠበቅኩት የፊት ፍሬን ጠዋት ላልቶ አገኘሁት። ብስክሌቶቻችን የሚያድሩበት እቃ ቤት ቁልፍ ያለው እኔና አንተ ጋ ብቻ ነው።
መቼም ድመት ብሎን አትፈታም።

አምና ጭቃው ውስጥ ወድቀህ እያየሁህ ማለፌ ልክ አልነበረም። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። ግን ቂም ይዘህብኝ ከሆነ ስደበኝ እንጂ በፍሬኔ አትምጣብኝ።

በከንቱ ጠርጥሬህም ይሆናል። ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ያንተን ብስክሌት ይዤ ሄጃለሁ።
የኔ እዚያው ቆሟል። ከትናንት ማታ ወዲህ አልነካሁትም።

እጅህ ንጹሕ ከሆነ፣ ፍሬኑን ሳታይ ነድተኸው ና።