ለሳሎኔ ምሰሶ ቀለም ምረጪ ስለተባልሁበት ጉዳይ

ለተከበራችሁ የአሮጌው ከተማ ቤቶች ማስዋቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፦

ጤናችሁ የተሟላ፣ ከራሳችሁ በላይ ያለው ጣሪያም የጸና ይሁን እያልሁ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤ ከፌዝ ከተማ የተጻፈ እንጂ ለፌዝ የተጻፈ አለመሆኑን አስቀድሜ ላረጋግጥላችሁ እወዳለሁ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሳሎናችን ጣሪያ ሲጎብጥ ሠራተኞቻችሁ መጥተው ከክፍሉ መካከል አንድ የዝግባ ግንድ አቆሙ። «ለጊዜው ነው ላላ ባቱል፤ በዓሉ ሳይደርስ እናነሳዋለን» አሉኝ፣ እንደ እመቤት «ላላ» እያሉ አክብረው። የትኛው በዓል እንደሆነ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። ባለፈው ወር ምሰሶው ከአናቱ እስከ ወገቡ መሰንጠቁን በጽሑፍ አመለከትሁ። መልሳችሁ በፍጥነት ደረሰኝ፤ እንግዶች ቤቶቻችንን ሊጎበኙ ስለሆነ ምሰሶውን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አሸዋማ፣ የወይራ አረንጓዴ ወይም ነጭ እንድቀባው የሚያዝ፣ ሦስቱም ቀለማት የተለጠፉበት ያማረ ወረቀት ነው። ስለ ስንጥቁ አንድም ቃል የለውም። ማንበብ የተማርሁት ከከሙን መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ ያመለጠኝ መስመር ይኖራል ብዬ ጀርባውንም አገላብጬ አየሁ።

ትእዛዛችሁን ስፈጽም የገጠመኝን እንድዘረዝር ይፈቀድልኝ።

፩. እናቴ ላላ ኻዱጅ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ መራመድ አትችልም። ሌሎቹን ክፍሎች እናንተው ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው ብላችሁ ስላሸጋችኋቸው የምትተኛው ከምሰሶው ሥር ነው። ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል «ባቱል፣ አንቺ ነሽ የምታንኮራፊው ወይስ ጣሪያው?» ትለኛለች። «እኔ ነኝ እማ» እላታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለእናቴ መዋሸት ስላስለመዳችሁኝ አመሰግናለሁ።

፪. ቀለም ቀቢው መዓለም ቡሽታ ምሰሶውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ካዳመጠ በኋላ «እኔ ቀቢ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም ላላ፤ መሰላሌን እዚህ ላይ አላስደግፍም» ብሎ ብሩሹን ትቶልኝ ወጥቷል።

፫. አረንጓዴው ከትራሶቻችን ጋር ይሄዳል። ይህን ያህል ስላሰባችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፬. ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በፊት፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ትሪው ላይ ያሉት የሻይ ብርጭቆዎች ተንቃጨሉ። እናቴ ቀና ብላ «እንግዳ መጣ እንዴ?» አለች። እኔ ልይዘው የምችል ይመስል ምሰሶውን በሁለት እጄ አቅፌ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ በር የምዘጋው በቀስታ ነው፤ ማስነጠስ ሲመጣብኝ ወደ ግቢ እወጣለሁ። ፈርቻለሁ፣ ክቡራን። በጨዋ ቋንቋ እንዴት እንደሚጻፍ ስላላወቅሁ እንዲሁ ጻፍሁት።

ስለ ምርጫው፣ ጎረቤቴ ላላ ራቂያ «አሸዋማውን ቀቢበት፤ ስንጥቁን ይውጥልሻል፣ እያየሽ ከምትሳቀቂ» ብላ መክራኝ ነበር። መዓለም ቡሽታ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ «ነጭ ይሁን። ነጭ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ ትታያለች፤ እናትሽን ለማውጣት ትንሽ ጊዜ ታገኛለሽ» አለኝ። ትናንት እጄ እስከሚደርስበት ድረስ ነጭ ቀባሁት። ዛሬ ጠዋት በደረቀው ቀለም ላይ፣ በትከሻዬ ትክክል፣ ትናንት ያልነበረች ቀጭን መስመር አገኘሁ።

ስለዚህ ሌላ የቀለም ወረቀት እንዳትልኩልኝ እለምናለሁ። ሁለት ሰው ከነቃሬዛ ልካችሁ፣ እናቴን የሚያሳድር አንድ ክፍል ዛሬውኑ ብትሰጡኝ ይበቃኛል።

ጣሪያው እስከፈቀደ ድረስ አክባሪያችሁ፣
ባቱል ሰቃት
ፌዝ፣ አሮጌው ከተማ

ማስታወሻ፦ በእኛ ከተማ ባሏ የሞተባት ሴት ለሐዘን ነጭ እንደምትለብስ ለእናንተ አይነገርም። ምሰሶው ሐዘኑን ለብሶ ቆሟል፤ ለማን እንደሆነ ግን በቅጻችሁ ላይ የሚሞላበት ቦታ አላገኘሁም።